ስም ሳትጠይቅ አትሰርዝ

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ጠዋት 2:30

አሁንም ታክሲ ውስጥ ነኝ፣ ደብተሬ። ከአራብሳ ኢምፔሪያል አንድ ሰዓት ከሩብ። ጉልበቴ ከፊቴ ካለው ወንበር ጋር ተጣብቋል። ጽሑፌ ቢወላገድ አትፍረድብኝ።

ተናድጃለሁ። አለቃዬ ዳዊት ዓርብ የላክሁለትን ሰነድ ቆራርጦ መለሰልኝ። መ/ቤታችን ሰሚት ላለ የዓይን ክሊኒክ የቀጠሮ ሶፍትዌር ሠርቷል። አሁን ደግሞ ታካሚዎች በቴሌግራም ሲጽፉ የሚመልስላቸው የኤአይ ኤጀንት እያስገባንበት ነው። ኤጀንቱ የሚሠራባቸው ቱሎች አሉ፤ ቀጠሮ የሚፈልግ፣ የሚይዝ፣ የሚሰርዝ። የእያንዳንዱን አጠቃቀም የምጽፍለት እኔ ነኝ። ከጻፍኩለት ውጪ ስለ ቱሉ የሚያውቀው ነገር የለም። ስለ መሰረዣው አንድ ገጽ ጻፍኩ። ዳዊት ያስቀረው ሁለት ቃል፦ "ቀጠሮ ይሰርዛል።" በቃ። ኤአዩ ብልህ ነው፣ አታንዛዢበት ይለኛል።

ማታ 1:00። ጋሽ ሰይድ አንኳኩ። ጎረቤቴ ናቸው፣ ልብስ ሰፊ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት የስልክ ቁጥር አይታያቸውም። ስለዚህ ክሊኒኩ ጋ ያስመዘገቡት የእኔን ቁጥር ነው። በየማታው ያው ጥያቄ።

"ደወሉ እንዴ ልጄ?"

አልደወሉም ጋሼ፣ ቀጠሮዎ የፊታችን ሰኞ ነው፣ አይቀርም አልኳቸው። ለኦፕራሲዮኑ አራት ወር ጠብቀዋል። እንደ ሁልጊዜው ክሩን መርፌው ውስጥ አስገባሁላቸውና ሄዱ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ጠዋት ክሊኒኩ ነበርን፣ ለሥልጠና። እንግዳ መቀበያ ያሉት ወ/ሮ ዘነበች ሥራውን ከሁላችን በላይ ያውቃሉ። በአንድ ስልክ አራትም አምስትም ሰው ይመዘገባል አሉ፤ እናት በልጇ፣ ሠራተኛ በአሠሪዋ፣ ጎረቤት በጎረቤቱ። መሰረዣው ደግሞ በቁጥሩ ያለውን ሁሉ ጠራርጎ ነው የሚያጠፋው። እሳቸው ስም ሳይጠይቁ ነክተውት አያውቁም። የት ተጽፏል? የትም። አዲስ ልጅ ስትቀጠር በአፍ ይነግሯታል።

ዳዊት ሳቀ። ሁሉም የሚያውቀው ነገር አይጻፍም አለ። ሁሉም ማን ነው? ኤጀንቱ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያውቃል? ኮንዶሚኒየም ኖሮ ያውቃል? ቢሮ ተመልሼ ጻፍኩት። ከሰዓት ዳዊት አጠፋው። እኔም መልሼ አላስገባሁትም። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12። ከሰዓት 10:00

የሙከራ ቀን። ዳዊት የክሊኒኩን ባለቤት አምጥቶ ጉራውን ይነዛል። የእውነት ቀጠሮ ያለው ሰው ይጻፍለት አለ። እኔ ነበረኝ፣ ለመነጽር፣ ማክሰኞ። ሥራ በዝቶብኛል፣ አልሄድም። ቀጠሮዬን ሰርዝልኝ ብዬ ጻፍኩ። ሦስት ሰከንድ አልፈጀም፦ "እሺ፣ ተሰርዟል። መልካም ቀን!"

ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ ደብተሬ። አልዋሽህም።

ሰኞ፣ ኅዳር 15። ማታ 12:30

ጋሽ ሰይድ ጎህ ሳይቀድ ተነስተው፣ እህል ውሃ ሳይቀምሱ፣ በሰው እጅ ተይዘው ሰሚት ሄዱ። ቀጠሮ የለዎትም ተባሉ። ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። ከሥራ ስመለስ ደረጃው ላይ አገኘኋቸው።

"ቀኑን ተሳስቼ ነው ልጄ። እርጅና ነው፣ ምን ይደረግ።"

ይቅርታ የሚጠይቁት እሳቸው!

ቤት ገብቼ የኤጀንቱን መዝገብ ከፈትኩ። ዓርብ፣ በእኔ ቁጥር፣ የተሰረዙ ቀጠሮዎች፦ ሁለት። የእኔ መነጽር። የእሳቸው ዓይን። ስለ ሰው ስልክ ስሟገት የከረምኩት እኔ የራሴን ስልክ ረሳሁ። ደደብ! ኤጀንቱ ምን አጠፋ? ሰርዝ ተባለ፣ ሰረዘ። የነገርነው ሁለት ቃል ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ዳዊት ላይ ጮህኩበት። ቢሮው በሙሉ ከኮምፒውተሩ ቀና አለ። ሽማግሌው ለምን የራሱን ስልክ አያስመዘግብም ይለኛል። የራሱን! ቁጥሩ ቢታየው ኖሮ ዓይን ሐኪም ጋ ምን ወሰደው? ሐሙስ ኤጀንቱ ለሌሎች ክሊኒኮችም ይለቀቃል፣ ሰነዱ ላይ ፈርሚ አለኝ። አልፈርምም።

ወ/ሮ ዘነበች ጋ ደወልኩ። መጀመሪያ ተቆጡኝ፤ ልክ ናቸው። ከዚያ መዝገባቸውን አገላበጡ። የቅርቡ ክፍት ቦታ ጥር መጨረሻ። ሁለት ወር ተኩል ሌላ ጨለማ።

ማታ 12:50። ዳዊት ያጠፋውን ሁሉ መልሼ አስገባሁ። የመጀመሪያው መስመር፦ "በአንድ ስልክ ብዙ ሰው አለ። ስም ሳትጠይቅ አትሰርዝ።" ግርጌው ላይ ስሜን ጻፍኩ። ለወ/ሮ ዘነበችም ለክሊኒኩ ባለቤትም ላክሁት፤ ወ/ሮ ዘነበች አንብበው ይሁን ካላሉ ኤጀንቱን እንዳትቀበሉ ብዬ። ዳዊት እንደገና ካጠፋው ሥራውን ለራሱ ያድርገው።

ይሄ ቀላሉ ነው። ከባዱ ከግድግዳው ወዲያ ቁጭ ብሎ ቀኑን ተሳሳትኩ እያለ ራሱን ይወቅሳል። ትናንት መዝገቡን አይቼም በራቸውን አላንኳኳሁም። ዛሬ እነግራቸዋለሁ። ክሩን ከማስገባቴ በፊት። ጋሼ፣ ቀኑን አልተሳሳቱም፣ የሰረዝኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላም መርፌውን ከሰጡኝ…

አንኳኩ።