ስለ ሸጥኳት ጎሽና ስላሳተሙልኝ መጽሐፍ

ለክቡር ጃናብ ኢህቲሻም ቁሬሺ፣
የታላቁ ማሳተሚያ ቤት ባለቤትና የጀማሪ ደራስያን አባት፤
ላሆር።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ መላው ቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ስልክ አንስቶ «ስብሰባ ላይ ናቸው» የሚለው ጸሐፊዎ በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ ከሳሂዋል ከተማ እመኛለሁ። እኔ፣ የመጀመሪያ ልብ ወለዷን ያሳተሙላት ፋርኻንዳ ሙኒር፣ ደህና ነኝ። የወተት ጎሼ ራኒ ግን አሁን የምትታለበው በሰው ግቢ ነው፤ ለዚህና ለሌላው ውለታዎ ላመሰግንዎት ብዕሬን አነሳሁ።

አንደኛ፦ ከፋዩ አሳታሚው ሳይሆን ደራሲው መሆኑን በትዕግሥት ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። ራኒን ሸጬ ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ ሻያችን ወተት አያውቅም፤ ባለቤቴም ጠዋት ጠዋት ባዶውን ጋጣ እያየ «ላም አለኝ በሰማይ» እያለ ይተርትብኛል።

ሁለተኛ፦ ሴት የጻፈችው አይሸጥም ብለው በባለቤቴ ስም እንዲወጣ ስለመከሩኝ። ሙኒር ማዳበሪያ ነጋዴ ነው፤ ከፊርማው ሌላ ጽፎ አያውቅም። እሱ እንኳ አፍሮ እምቢ አለ።

ሦስተኛ፦ ትልቅ ሰው መቅድም ያልጻፈለት መጽሐፍ ራቁቱን ነው ብለው ራስዎ ስለጻፉልኝ። አብዛኛው ስለ ወጣትነት ዘመንዎ ነው፤ መጨረሻው ላይ ግን ግጥሞቼን አድንቀዋል። መጽሐፉ በሰርጓ ዕለት ወላጆቿ የሰጧትን ጎሽ እየነዳች ስለጠፋች ሙሽራ የሚተርክ ልብ ወለድ መሆኑን በትሕትና አስታውሳለሁ።

አራተኛ፦ ስለ መጽሐፉ ምረቃ። መድረኩ በአወዳሾች ስለሞላ ለእኔ ወንበር ጠፋና ሻይ መቅጃው አጠገብ ቆምኩ። የክብር እንግዳው የብዕሬን ረቂቅነት ሲያብራሩ ጉሮሯቸው ደረቀ፤ ወደ እኔ ዞረውም «እህቴ፣ ሻይ ድገሚኝ፤ ስኳሩን ጠንከር አድርጊው» አሉኝ። ደገምኩላቸው። ዘመዶቼም መጽሐፉን ፈርሜ በነጻ እንድሰጣቸው ተሰለፉ፤ ሁለተኛውን ገጽ የገለጠ ግን አላየሁም። ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ እስከ መጨረሻው እንዲያነበኝ ነበር የፈለግሁት።

አምስተኛውና ትልቁ ውለታዎ ያልተሸጡትን ቅጂዎች ሳይነግሩኝ በኪሎ መቸብቸብዎ ነው። ዞሮ ዞሮ የደረሱት የእኛው ባቡር ጣቢያ ሳምቡሳ ሻጭ ላቲፍ እጅ ነው፤ ገጽ በገጽ እየቀደደ ሳምቡሳ ይጠቀልልባቸዋል። ባለፈው ሳምንት የኋላ ሽፋኑ ላይ ያለውን ፎቶዬን ይዞ በራችንን አንኳኳ።

«ባጂ፣ እህቴ፣ በአላህ ይንገሩኝ፣ ያቺ ሙሽራ ተመለሰች ወይስ ቀረች? ሰዉ ሳምቡሳውን ትቶ ቀጣዩን ገጽ አምጣ እያለ ሊበላኝ ነው። የመጨረሻዎቹን ገጾች ደግሞ ዘይት ጨርሷቸዋል።»

አብሬው ሄድኩ። ተሳፋሪው ቅባት የጠጣ ወረቀት ይለዋወጣል፤ አንድ ወፍራም ሹፌር ምዕራፉ እንዲሞላለት ብሎ ሆዱን እያሻሸ ሌላ ሳምቡሳ ያዛል። መጨረሻውን እዚያው ቆሜ በቃሌ ነገርኳቸው። ባቡሩ ፉጨቱን ነፋ፤ ሊሳፈር የተነሳ ሰው ግን አልነበረም።

ሁለተኛውን መጽሐፌን ላቲፍ ለመጠቅለያ ጠይቆኛል። መቅድምም የክብር እንግዳም አልፈለገም።

ለውለታዎ ቃላት ያጠራት፣ አንባቢ ግን የሞላላት፣
ዘወትር አክባሪዎ፣
ፋርኻንዳ ሙኒር

ማስታወሻ፦ መቅድምዎም ሥራ ላይ ውሏል ብዬ ባበሥርዎት ደስ ባለኝ ነበር። ነገር ግን ላቲፍ በእሱ ሲጠቀልል ደንበኞቹ ወረቀቱን እየመለሱ፣ ትኩሱን ሳምቡሳ በመዳፋቸው መያዝ ይመርጣሉ።