ባለቤቴ ለመስሚያ ሱቁ የጻፈችው

ጥቅምት 4
ከጉልበቴ ኦፕራሲዮን በኋላ አውቶቡስ መንዳት ክልክል ሆነብኝ። እስከ ኅዳር መጨረሻ። ሶፋ ላይ ተጋድሜ ጣሪያ ሳይ እውላለሁ። ባለቤቴ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተሯን ዘርግታ ትሠራለች። ለነጋዴዎች የዌብሳይት ጽሑፍ ነው የምትጽፈው። ይሄን ሁሉ ዓመት አብረን ስንኖር ስትሠራ አይቻት አላውቅም ለካ… ወንድሜ ሥራዋን ሲጠይቀኝ፣ “ኢንተርኔት ምናምን ትነካካለች” ነበር የምለው።
ዛሬ አንድ መስመር አልጻፈችም። ሲደወልላትና ስትደውል ዋለች።
“መቼ ነው የምትጽፊው?” አልኳት።
“የምጽፈውን ከየት ላምጣው ታዲያ? ከጣሪያው?”
ጣሪያውን ለእኔ ተወችው።

ጥቅምት 6
አዲስ ደንበኛ ቤት ድረስ መጣ። የመስሚያ መሣሪያ የሚሸጥ ባለሱቅ፣ ጆሯቸው ለደከመ ሰዎች። ክራቫት ያሰረ፣ ጥድፊያ የበዛበት ሰው።
“‘አንደኛ’፣ ‘ዘመናዊ’፣ ‘ተወዳዳሪ የሌለው’ የሚሉት ቃላት እንዲበዙልኝ ነው የምፈልገው።”
“እርስዎ ጋ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቅዎት ምንድን ነው?” አለችው።
አሰበ። “…‘ጆሮዬ ላይ ይታያል ወይ?’ ነው የሚሉኝ።”
“በቃ፣ ከዚያ እንጀምራ።” ገጹ አናት ላይ ጻፈችው፦ ይታያል ወይ?
እኔ ትራስ አፌ ላይ ይዤ ሳቅኩ።

ጥቅምት 9
ምን ነካት ዛሬ? ሁለት ጆሮዋን በጥጥ ደፍና ዋለች! ስጠራት አትሰማም። ጀበናው… አይ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያው እየጮኸ ውኃው ተንኖ አለቀ፣ እሷ እዚያው አጠገቡ ቆማ። ከሰዓት በኋላ ፊቷ ጥቁር አለ። ማታ ጥጡን አውጥታ ስትጥል እንዲህ አለችኝ፦
“አለመስማቱን ትለምደዋለህ። የሰማሁ መምሰሉ ነው የሚያደክመው። ስትስቅ አብሬህ ስስቅ ዋልኩ… ምን እንዳልክ ግን አላውቅም።”
ለአንድ ገጽ ጽሑፍ ይሄን ሁሉ? ማን አስገደዳት?

ጥቅምት 13
ባለሱቁ ደወለ። ድምፁ እስከ ሶፋዬ ይሰማል።
“የደንበኞች አስተያየት ይግባበት። አንቺው ፍጠሪ። ‘ሕይወቴን ለወጠው’ ምናምን በይ…”
“የሌለ ሰው አላናግርም።”
“ሁሉም እኮ ያደርገዋል!”
“ለዚህ ነዋ ማንም የማያምነው። የእውነተኞቹን ስልክ ይስጡኝ፣ እደውላለሁ።”
“ቢያሙኝስ?”
“ይሙን። እንስማቸው።”
ጆሮዋ ላይ ዘጋው። እኔ ቤት ተቀምጫለሁ፣ ቤቱን የያዘው የሷ ሥራ ነው። “ምን አለበት፣ ጽፈሽለት ብትገላገዪ?” አልኳት።
“አንተ ሁሉም ስለሚጥስ ቀይ መብራት ትጥሳለህ? ያን ሁሉ ሰው ጭነህ?”
በሆዴ… ጎበዝ ናት እኮ።

ጥቅምት 14
አልደወለም።

ጥቅምት 17
ስልክ ቁጥሮች ላከ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ ቁጥሮች ብቻ።
ደወለች። አንዲት በዕድሜ የገፉ ልብስ ሰፊ እንዲህ አሏት፦ “መጀመሪያ ሰሞን አውጥቼ ልወረውረው ነበር። ማንኪያ ሳህን ሲነካ መብረቅ ነው የሚመስለኝ። አንድ ቀን ግን ጎረቤቶቼ ከኋላዬ ሲያሙኝ ሰማሁ። እንዴት ደስ አለኝ መሰለሽ!”
እንዳለ አስገባችው። ሐሜቱንም፣ መብረቁንም። ከሥሩ ደግሞ፣ “መጀመሪያ ሰሞን ይፈታተናል፤ ይታገሡት” ብላ ጻፈች።
ከዚያ እኔን አስነብባ አዳመጠች። ምላሴ የተደናቀፈበትን ቦታ ሁሉ ትቆርጠዋለች። ለካ እኔም ለሥራ እጠቅማለሁ…

ጥቅምት 19
ባለሱቁ ጽሑፉን አይቶ ደውሎ ጮኸ። “ሰው ልታባርሪብኝ ነው!”
“ገዝተው የሚመልሱ የሉም?”
“…አሉ።”
“ተበላሸ ብለው ነው የሚመልሱት፤ መጀመሪያ እንደሚያስቸግር የነገራቸው ስለሌለ።”
“…እስቲ ይውጣ።”

ኅዳር 11
ባለሱቁ ደወለ። ሰዎች ገጹን ስልካቸው ላይ ከፍተው እየመጡ ነው አሉ። የሚመልስ ጠፍቷል። ለሁለተኛው ሱቁም እንድትጽፍለት ይፈልጋል። ልብ ብዬ ሰማሁ፦ ከ“አንቺ” ወደ “እርስዎ” ተሻግሯል! እሷ ምንም አልመሰላትም፤ ሽንኩርት መክተፏን ቀጠለች።

ኅዳር 16
አባዬ ሊጠይቀኝ መጥቶ እኛ ጋ ሰነበተ። ጆሮው ከደከመ ቆይቷል። ቤተሰቡ በሙሉ ከሱ ጋር በጩኸት ነው የሚያወራው። መሣሪያ እንግዛልህ ስንለው፣ “እናንተ ናችሁ የምታጉተመትሙት!” ይላል።
ዛሬ መነጽሩን አድርጎ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ብቅ ብዬ ባየው… የሷ ገጽ! ማንም አላሳየውም። ኢንተርኔት ላይ “መስሚያ ጆሮ ላይ ይታያል ወይ” ብሎ ጠይቆ ራሱ ያገኘው ነው።
“ይሄን የጻፈው ሰው እንደኔ ጆሮው የደከመ ነው” አለኝ።
“በምን አወቅህ?” ጮህኩ።
“የሰማ መምሰል ያደክማል ይላል። የሚሰማ ሰው ይሄን በምን ያውቃል?”
ልናገር ስል እሷ ከበር ላይ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ከኛ እንደመጣ ካወቀ እምቢ እንደሚል ገባኝ። ዋጥኩት።
“ነገ እዚህ ሱቅ ውሰደኝ” አለ አባዬ።

ታኅሣሥ 5
ሥራ ገብቻለሁ። ተሳፋሪዎቼ የት ጠፍተህ ነው ሲሉኝ ሰነበቱ። ሚስቴ ምን እንደምትሠራ ሳልጠየቅ እየነገርኳቸው ነው።
አባዬ መሣሪያውን ካደረገ ወዲህ ከፍሪጁ ጋር ተጣላ፣ ከነጠላ ጫማዬ ጋር ተጣላ… ግን አላወለቀም። ዛሬ ምሳ ላይ እንዲህ አለ፦
“ያ የጻፈው ሰው ባለሙያ ነው። እንደሚፈታተን ባይነግረኝ ኖሮ መልሼው ነበር። ባገኘው ምንኛ ባመሰገንኩት!”
እሷ ሳህኗ ላይ አቀረቀረች። እኔ አልቻልኩም።
“እሷ ናት አባዬ! እሷ ናት የጻፈችው!” ከወንበሬ ተነስቼ፣ ጎረቤት እስኪሰማ።
አባዬ ፊቱን አኮማተረ። “ምን ያስጮህሃል? እሰማለሁ እኮ።”
ከዚያ ወደሷ ዞረ። “እውነት ነው፣ ልጄ?”
“አዎ አባባ” አለች፣ ለራሷ የምትነግር ይመስል፣ በለሆሳስ።
ሰማት።