የአባባ ድንጋይና የእኔ እጅ

ይድረስ ድሬዳዋ ለምትገኘው ወንድም ዓለሜ ስብሐት፤ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ሙቀቱ እንዴት ይዞሃል? ባዩሽስ፣ ኖህስ ደህና ናቸው? ልብስ ስፌቱስ እንዴት ነው? እኛ መድኃኔ ዓለም ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። የእኔ ልብ ብቻ አላረፈም። በስልክ ያልነገርኩህ አባባ ከአጠገቤ ስለማይጠፉ ነው።

አንድ ሆቴል ለአዳራሹ ግድግዳ የሚሆን የከተማዋን ፎቶ ከላይ ሆኜ እንዳነሳ አዞኝ ነበር። ሦስት ቀን በጠዋት ከእጽዋት ማዕከሉ በላይ ወዳለው ጉብታ ወጣሁ። እዚያው ሳየው ያምራል፤ ቤት ገብቼ በኮምፒውተር ሳጎላው ግን የየቤቱ ቆርቆሮ ድርብ ድርብ ይሆናል። ካሜራው ባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ነው የተቀመጠው፤ ታዲያ ምን ነካው? ቁልፉን የምጫነው እኔ ነኝ። ይኼኔ የአባባ የሚንቀጠቀጥ እጅ ትዝ አለኝ። እሳቸውም መጀመሪያ ክሩ ነው የሚበጠሰው እያሉ ነበር እኮ፤ ሽመናውን እስኪተዉ ድረስ በክሩ ሲያመካኙ ኖሩ።

ከዚያ ወዲህ ሻይ ስይዝ ብርጭቆውን አያለሁ፣ በር ስከፍት ጣቴን አያለሁ። ቁጭ ብድግ ስል ነው የምውለው። ፈራሁ ስብሐት።

ረቡዕ ዕለት አባባ ካልሄድኩ ብለው አብረውኝ ወጡ። ነፋሱ ማቆሚያውን እንዳይነቀንቀው ብዬ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እሳቸው ድር ይወጥሩበት የነበረውን ድንጋይ ከሥሩ አንጠልጥዬ ነበር። ገና ሲያዩት ሳቁብኝ። በሚወዛወዝ ድንጋይ ድር ይወጠራል ወይ፣ ያን ሁሉ ዓመት አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ምን ስታዪ ኖርሽ አሉኝ። ለካ ካሜራውን ሲንጠው የከረመው ድንጋዩ ራሱ ነው! በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ገመዱን ፈትተው፣ ድንጋዩ መሬት ነክቶ ገመዱ ሳይላላ እንዲቀር አድርገው አሰሩት። ቋጠሮው ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው፤ ላግዝዎት ብል እጄን መታ አደረጉኝ። ፎቶው ጥርት ብሎ ወጣ። ሆቴሉም ወደደው።

እዚያ ላይ ማረፍ ነበረብኝ፣ አይደል? ስንወርድ ደስ ብሎኝ አባባን የቀጨኔ መድኃኔ ዓለምን አጥር አስደግፌ፣ ካሜራውን በእጄ እንደያዝኩ አነሳኋቸው። በካሜራው ትንሿ መስኮት ሳየው እጃቸው ደብዝዟል። አጉልቼ ለማየት አልደፈርኩም።

እማዬ ለፋሲካ ካልመጣህ እኔው እመጣለሁ ብላለች፤ ታውቃታለህ፣ ታደርገዋለች። ታናሻችን ሰርካለም ፈተና ላይ ናት፣ ጉንጭህን ትስማለች። አባባ ስፌትህ ቀጥ ይበል ብለዋል። ባዩሽን ሰላም በልልኝ፤ ኖህን ደግሞ እስኪሸሽህ ድረስ ሳምልኝ።

ፎቶውን በቴሌግራም ልኬልሃለሁ። ከአባባ ኋላ ያለውን የአጥሩን ድንጋይ አጉልተህ እይልኝ። ድንጋዩ ጥርት ብሎ እጃቸው ብቻ ከደበዘዘ የተንቀጠቀጡት እሳቸው ናቸው። ድንጋዩም ከደበዘዘ እኔ ነኝ። እንዳትዋሸኝ።

እህትህ ትሕትና
ቀጨኔ፣ ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.