«ጉድባይ» ከየት መጣ

ጋምቤላ፣ ግንቦት 7 ቀን 1972 ዓ.ም.

ለምወድሽ እናቴ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽን ተሻለሽ? እህቴ አልማዜ ይህን ስታነብልሽ ቀስ ብላ ታንብብ፤ በሩንም ትዝጋው። እኔ ከሙቀቱና ከወባው በቀር፣ ተመስገን፣ አለሁ። ግን ደክሞኛል እማዬ። ተኝቼም የማይወጣልኝ ድካም ነው። ደብዳቤውን በፖስታ ቤት መላኩን ስለፈራሁ፣ ለዓመት ፈቃዱ ወደ አገር ለሚመጣው ለጤና ጣቢያችን ነርስ ለዘገየ በእጁ ሰጠሁት።

ባለፈው ወር ዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ ሳስተምር ሬቤካ የምትባል የኑዌር ልጅ እጇን አወጣች። አባቷ ሰባኪ ነው፤ ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ዓመት አልፎታል። «ቲቸር፣ ጉድ ሞርኒንግ መልካም ጠዋት ከሆነ፣ ጉድባይ መልካም ምንድነው? ባይ ምንድነው?» አለችኝ።

ጥያቄው ደስ አለኝ። እንግሊዞች ድሮ ሲለያዩ «ጎድ ቢ ዊዝ ዪ»፣ «እግዚአብሔር ካንተ ጋር ይሁን» ይባባሉ እንደነበር፣ ያ ምርቃት በሰው አፍ እየተሸራረፈ አንድ ቃል ሆኖ እንደቀረ፣ «ጉድ» የሚለውም በኋላ ከሌሎቹ ሰላምታዎች ተጋብቶበት እንደገባ ነገርኳቸው። ሬቤካ ሳቀች። «እኛ ቤትማ ሙሉውን ነው የምንለው» አለች። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

በሦስተኛው ቀን ካድሬው አስጠራኝ። «ጓድ መምህር፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሃይማኖት ሰብከሃል» አለኝ። ነገሩን ማን እንዳነሳው ጠየቀኝ። ፈራሁ፣ እማዬ። «ልጅቷ ናት። እግዚአብሔርን ያመጣችው እሷ ናት» አልኩ። ጽፎ ሰጠኝ፤ ፈረምኩ።

ሬቤካን ከትምህርት ቤት አባረሯት። አባቷን ወሰዱት፤ ዛሬም አልተፈታም። እሷን አጎቷ በማታር በኩል ወደ ሱዳን ይዟት ተሻገረ።

እሑድ ዕለት ቤታቸው ሄድኩ። እናቷ ኛቹዎል ብቻዋን ነበረች። ወንበሩን ለእኔ ለቃ መሬት ተቀመጠች፤ ውሃ ሰጠችኝ። ልናገር አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። «ቲቸር፣ አንተ ጥፋት የለም» አለችኝ። «ልጅ ነው። ልጅ ብዙ ይናገራል።» ውሃውን ጠጥቼ ጨረስኩ። ሳልነግራት ወጣሁ።

ነገ ጠዋት ካድሬው ዘንድ እሄዳለሁ። የፈረምኩት ሐሰት መሆኑን፣ ቃሉን የተናገርኩት እኔ መሆኔን አስጽፋለሁ። ዘገየ እንዳልሄድ ቢለምነኝም ከሐሳቤ አልተመለስኩም።

ለክረምት እመጣለሁ ብዬሽ ነበር፤ እንዳትጠብቂኝ። ካፖርቴን ወንዳፍራሽ ይልበሰው፤ ለወንድሜ አሁን ይሆነዋል። ሰው ቢጠይቅሽ ሥራ በዝቶበት ነው በይ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ ቤትሽን ሰላም ያድርገው። አንቺም እንደ ልማድሽ ማልደሽ ስትነሺ መርቂኝ።

ያሳደግሽው ልጅሽ