ፎቶውን ያበላሸው ብርሃን

ታኅሣሥ 14፣ ዓርብ ከሰዓት፤ ቦንጋ

የጎረቤቴን የጋሽ ገብሬን ባለቤት፣ እትዬ አልማዝን ቀብረን ተመለስን።

ትናንት ማታ ደመናው ከስንት ሳምንት በኋላ ሲገለጥልኝ ካሜራዬን ይዤ ከቤታችን ጀርባ ያለው ጉብታ ላይ ወጣሁ። የከዋክብቱ ጉዞ እንደ ክር ተስሎ እንዲወጣ ካሜራው ግማሽ ሰዓት ክፍት መቆየት አለበት። ብርሃኑ ፎቶውን እንዳያበላሽብኝ ስልኬን እንደ ልማዴ አጠፋሁት።

ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ባትሪ ያበሩ ሰዎች በታችኛው መንገድ አለፉ። ምን ነበር ትንሽ ቢቆዩ ብዬ ተነጫነጭኩ። ለካ ድንገት የታመሙትን እትዬ አልማዝን በቃሬዛ ወደ አስፋልቱ እያወረዱ ነበር። ባጃጅ እኛ ሰፈር ድረስ አይወጣም። አራተኛ ተሸካሚ ስለጠፋ ጋሽ ገብሬ ራሳቸው በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ተሸከሙ። እትዬ አልማዝ ሆስፒታል ሳይደርሱ ሕይወታቸው አለፈ። ጋሽ ገብሬ እኔ ጋ ደጋግመው ደውለው ነበር።

ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ጋሽ ገብሬ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። አልወቀሱኝም።

"አንተ ካሜራ ከእጅህ አይጠፋም፤ የእሷ ፎቶ ይኖርህ ይሆን? እኛ ዘንድ ከመታወቂያዋ በቀር የለም" አሉኝ።

የለኝም አልኳቸው። ስድስት ዓመት አጥር ተጋርተን ስንኖር አንድ ቀን አላነሳኋቸውም።

ቤት ገብቼ የትናንቱን ፎቶ ከፈትኩት። ከዋክብቱ አምረው ወጥተዋል። ከሥር የባትሪዎቹ ብርሃን የሳለው፣ መንገዱን ይዞ የሚወርድ ነጭ መስመር አለ። ሦስት ቦታ ላይ ይወፍራል። ቃሬዛውን አስቀምጠው ትንፋሻቸውን የሰበሰቡበት ነው።