ለዓሣ የለወስኩት የጾም ሊጥ

ሰኞ፣ መጋቢት 8 ቀን 1961

ሊጡ ውኃ ውስጥ ሟሟ። መንጠቆው ባዶውን ወጣ። እንደገና ሰካሁ፣ እንደገና ባዶውን። አንድ እፍኝ ዱቄት ለላህ ወንዝ አብልቼ ተመለስኩ።

ባለቤቴ አያሌው ወባው ከለቀቀው ወዲህ ከአልጋ አልወረደም። የክሊኒኩ ድሬሰር መድኃኒቱ የሚችለውን አድርጓል፣ አሁን የሚያነሳው ምግብ ነው አለኝ። እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ። እንግዲህ በሁዳዴ! የነፍስ አባታችን መምሬ ደስታ እንኳ ቤት ድረስ መጥተው ለታመመ ሰው ይፈቀዳል ብለውታል። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሽሮ ሳቀርብለት አንዴ ጎርሶ ይተወዋል። ጉንጩ ጎድጉዷል፤ ቀለበቱ ከጣቱ እየወለቀ ስላስቸገረ እኔ ይዤለታለሁ።

ዓሣ ቢሆን ግን እበላለሁ አለ። ባሕር ዳር መንገድ ሥራ ላይ ሳለ በጾም ዓሣ ይበሉ ነበር፤ መንጠቆውንም ያመጣው ከዚያ ነው። ታዲያ ፍኖተ ሰላም ገበያ ላይ ዓሣ የታለ? ወንዶቹ ሲያምራቸው የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ኩሬ ላይ ይበትኑና፣ ዓሣው ሰክሮ ሲንሳፈፍ ይለቅማሉ። ያንን ለታመመ ሰው ማን ደፍሮ ያበላል?

ስለዚህ እኔው ወረድኩ። ሴት መንጠቆ ይዛ ወንዝ ዳር ስትቀመጥ አይቼ አላውቅም። ልብስ አጣቢ መስዬ፣ መንጠቆውን በጋቢው ጠቅልዬ። ወገቤ!

ማክሰኞ

አያሌው አሠራሩን ነገረኝ። ድምፁ ቀጥኗል፣ ጆሮዬን አስጠግቼ ነው የሰማሁት። የስንዴ ዱቄት በፈላ ውኃ እንደ ገንፎ ይገነፋል። ሲበርድ እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው ይታሻል። የቆየ ቅቤ ጠብ ይደረግበታል። ከዚያ የባቄላ ፍሬ እያሳከሉ ማድቦልቦል ነው።

እንዶዱ ዓሣ ያሸሻል ስላለኝ ከአጣቢዎቹ በላይ፣ ሾላው ሥር ያለው ኩሬ ድረስ ወጣሁ። ሊጡ ዛሬ አልሟሟም፤ ተመስገን። ግን ምን ያደርጋል፣ ዓሣው መጥቶ በአፍንጫው ነካ ያደርግና ዘወር ይላል። ፀሐይ አናቴን መታችኝ። እግሬ እስኪደነዝዝ ተቀመጥኩ። ባዶ እጄን ገባሁ።

አያሌው ቀና ብሎ፣ "ቅቤውን አደረግሽበት?" አለኝ።

የምን ቅቤ? የቅቤው ማሰሮ ከቅበላ ወዲህ እንደታሸገ ነው። የጾም ዕቃዬን ቅቤ አስነክቼ? ደግሞስ ቅቤ የበላ ዓሣ ለጾመኛ ሰው እንዴት ይሆናል ብዬ በኑግ ዘይት ነው የለወስኩት። ይህንኑ ነገርኩት።

ትራሱ ላይ ተመልሶ ተጋደመ። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የወባው ብርድ የተነሳበት መስሎኝ ብርድ ልብስ ላነሳ ስል ለካ እየሳቀ ነው።

"ይመኙሻል፣ ዓሣውንም ሁዳዴ አስገባሽው?"

ስንት ጊዜው ነው ከሳቀ። ብናደድም ደስ አለኝ። ራቱን ግን አሁንም አልበላም።

ረቡዕ

የመጋቢት መስቀል ነው፣ ወንዝ አልወረድኩም። ከቅዳሴ በኋላ መምሬ ደስታን ከዋርካው ሥር አገኘኋቸውና ነገሩን አዋየኋቸው። ቅቤ የጎረሰ ዓሣ ጾም ያስገድፋል ወይ አልኩ። እንዳይስቁብኝ መሬት መሬት እያየሁ ነው።

አልሳቁም። ጭራቸውን ወዲያ ወዲህ አደረጉና፣ "ላም ሣር ትበላለች። ታዲያ ወተቷን በጾም እንጠጣው?" አሉኝ።

አይሆንም፣ አባቴ፣ አልኩ።

"እንግዲያማ ዓሣውም ቅቤ አይሆንም። ሂጂ፣ ልጄ፣ አብስይለት።"

ማታ የቅቤውን ማሰሮ ከፈትኩ። ከዕቃዬ ጋር እንዳይነካካ ከጓሮ በተሸረፈ ጣባ ሊጡን ለወስኩት። ሽታው አፌን ውኃ ሞላው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ሐሙስ

ገና ጋቢውን ድንጋይ ላይ ሳሳርፍ ጎረቤቴ ጥሩሰው እንዶዷን ተሸክማ ከች አለች። አፍንጫዋ እንደ ምላሷ ነው፣ ምንም አያመልጠው።

"እቴ ይመኙሻል፣ ምን ይሸተኛል? ፋሲካ አንቺ ቤት ቀድሞ ገባ እንዴ?"

ዝም ብል እስከ ማታ አገሩ ሁሉ ጾም ገደፈች ይለኛል። ብናገር ደግሞ ዓሣ አጥማጇ ተብዬ መቅረቴ ነው። ሁለተኛው ይሻለኛል ብዬ ጋቢውን ገለጥኩላት። መንጠቆውን አየች፣ ሊጡን አሸተተች፣ ድንጋዩ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቆመችና ለአያሌው ነው ወይ አለችኝ። ራሴን ነቀነቅሁ።

እንዶዷን አነሳች። ወደ ታች ወርዳ ለሴቶቹ ላይኛው ኩሬ አልቅት በዝቶበታል ስትል ሰማኋት። ማንም ዝር አላለም።

ቀትር ሲሆን የመንጠቆው ሲባጎ ጣቴን ሰረሰረኝ። ጎተትኩ። ጎተተኝ። ቀሚሴን እንደለበስኩ እስከ ጉልበቴ ገባሁ። ክንድ የሚያህል ነጭ ዓሣ! ጋቢውን ጣል አድርጌበት ላዩ ላይ ወደቅሁ።

አልጫ ሠራሁለት። እሾሁን እየለቀምኩ አጎረስኩት። ሳህኑን ጨረሰ። እኔ እንጀራዬን እንደያዝኩ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ።

ዓርብ

ሚካኤል። እጄን በሎሚም በእንዶድም ባሸው የቅቤው ሽታ አልለቅ ስላለኝ ነጠላዬ ውስጥ ደብቄው አስቀደስኩ። መምሬ ደስታ መስቀል ሲያሳልሙኝ ጎንበስ ብለው፣ በላ ወይ አሉኝ። በላ፣ አባቴ፣ አልኳቸው።

ስመለስ አያሌው ግድግዳውን እየተደገፈ ደጃፍ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። ማን አወጣህ አልኩት። የትናንቱ ወጥ ጨው ያንሰዋል አለኝ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ጨው! ሰውየው ማማረር ጀምሯል፤ ከዚህ የሚበልጥ ምን አለ።

ገና ግን ያለ ግድግዳው አይቆምም። ድሬሰሩ ብርዱ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል ብሎኛል፤ እሱን እያሰብኩ ነው የምውለው።

"ጣባውን አምጪው። ሊጡን እኔ ላሽልሽ" አለኝ።

በሚካኤል ሥራ?

"የዓሣ ጉርሻ ሥራ አይባልም።"

ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። ቀስ እያለ ያሻል። ጎኑ ቁጭ ብዬ ግድግዳውን ተደገፍኩና ዓይኔን ጨፈንኩ።