የሙቀት ሌባው

የልጋቫ፤ ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2017

ይድረስ ለውድ ልጄ ለኢንጉና፣

እንዴት ነሽልኝ? ትንሿ ኤልዛስ ሳሏ ለቀቃት? እኔ ጉልበቴን ከሚቆረጥመኝ በቀር ደህና ነኝ። ከሁሉ በፊት የፖስታውን ማሸጊያ ተመልከቺ። ቢጫ ፕላስተር እለጥፍበታለሁ፤ ተነሥቶ ካገኘሽው ሰው ከፍቶታል ማለት ነውና ቶሎ ጻፊልኝ። በስልክ ያልነገርኩሽ የዚህ ሕንፃ ግድግዳ ሁሉ ጆሮ ስላለው ነው።

ከሕንፃው ማኅበር አንድ ወረቀት በኢሜይል ይመጣልሻል። እንዳትፈርሚ! ቤቱ በስምሽ ስለሆነ ድምፁ ያንቺ ነው። ሕንፃውን ከውጭ በወፍራም የሙቀት መከላከያ እናልብሰው፣ መስኮቱን እንቀይረው፣ የማሞቂያውን ቧንቧ እናድሰው ይላሉ። ከስልሳው ቤት አርባው ካልፈረመ ሥራው አይጀመርም። ሠላሳ ዘጠኝ አግኝተዋል፣ አርባኛዋ አንቺ ነሽ። ቢሩታ የምትባለው የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ያቺ ፀጉሯን ቀይ የምትቀባው፣ ደረጃ ላይ ባገኘችኝ ቁጥር "ወይዘሮ ቬልጋ፣ ልጅዎ ደህና ናት?" ትለኛለች። ስንት ዓመት ሙሉ ጠይቃኝ የማታውቀውን! ደህንነትሽ መሰለሽ እንዴ ያሳሰባት?

መቼም "እማዬ፣ አንቺ ጥላሽንም ትጠረጥሪያለሽ" ማለትሽ አይቀርም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ ልጄ።

ቤቱ እንደሚበርድ አጥቼው አይደለም። ሳሎን ቁጭ ብዬ ቴሌቪዥን የማየው ካፖርት ለብሼ ነው። ያንቺ ክፍል ብቻ፣ ፀሐይ ስለሚያገኝ ይሆናል፣ ሳውና ነው የሚመስለው፤ እኔም መስኮቱን ገርበብ አድርጌ እዚያ እተኛለሁ። ግን ይሄን ሁሉ ብርድ በግድግዳው ማሳበባቸው አልገባኝም። እዚህ ሕንፃ ውስጥ ሌባ አለ። ሙቁ ውሃ ከምድር ቤት ተነሥቶ ፎቅ ለፎቅ ነው የሚወጣው፤ ለየክፍሉ የተሰጠው ሙቁ ውሃ የሚያልፍበት ሰባት የብረት ጎድን ያለው ማሞቂያ ነው። ታች ያለ ሰው ተደብቆ ጎድን ከቀጠለበት ሙቀቱን እሱ ጠጥቶ ለላይኞቹ ለብ ያለውን ይለቅልናል።

ማን ነው ብትይኝ፣ ከእኛ ሥር ሦስተኛ ፎቅ ያለው ዚግሙንድስ ነው እልሻለሁ። ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ "በብርድ አለቅን!" እያለ ሲጮህ እሱ አንድ ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። የማይጮኸው የሞቀው ነው። ደግሞ ካንቺ ክፍል ሥር ያለችውን ክፍል ዘወትር እንደቆለፋት ነው፤ ቧንቧ ሠራተኛው ሊያያት ሲጠይቅ "እዚያ አይገባም" ብሎ መልሶታል። ወረቀቱንም ቀድሞ የፈረመው እሱ ነው። ሰው ምን ሲደብቅ ነው እንዲህ የሚቸኩለው? ሟች ሚስቱን አውስማን ታስታውሻት የለ፣ የምረቃ ቀሚስሽን የሰፋችልሽን? እቤቷ ውስጥ ጣቱ የተቆረጠ ጓንት አጥልቃ ስትሰፋ "የፓሪስ እመቤት" እያልን በሳቅ እንፈርስ ነበር። ድሮም አስመሳዮች ነበሩ።

ነገ ማለዳ አንዲት መሐንዲስ ሕንፃውን ከውጭ በሙቀት ካሜራ ልታነሣው ነው። ከግድግዳ ጀርባ ያለውን ሙቀት ያሳያል አሉ። እስቲ እናያለን።

ሐሙስ

ደብዳቤውን ሳልልከው ቆየሁ፤ እንኳንም ቆየሁ።

መሐንዲሷ ሳኒታ ትባላለች። አፍንጫዋ ላይ ቀለበት አላት፤ ገና ሳያት አላመንኳትም። ዛሬ ፎቶውን መግቢያው በር ላይ ለጠፈችው። ሕንፃው ሰማያዊ ሆኖ፣ ከየመስኮቱ ሥር ትንሽ ትንሽ ቢጫ አለበት። በእኛና በዚግሙንድስ መስኮት መሐል ግን ከሌላው ሁሉ እጥፍ የሚሰፋ፣ ፍም የመሰለ ቀይ! ሙቀት ወደ ላይ እንደሚወጣ ሕፃን ያውቃል። ቀዩ ከእሱ መስኮት በላይ ከሆነ የማን ሊሆን ነው?

"ያዝኩህ!" አልኩ ጮክ ብዬ።

ሳኒታ "እሜቴ፣ ፎቶው እኮ የሚነበበው..." ብላ ልታስረዳኝ ጀመረች።

"ዓይን አለኝ!" ብያት ደረጃውን ወጣሁት፣ ጉልበቴም ትዝ አላለኝ። ቢሩታን ከቤቷ ጠርቼ፣ ሳኒታንም አስከትዬ የዚግሙንድስን በር ደበደብኩ። ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቦ ከፈተልን።

"አቶ ዚግሙንድስ፣ ያቺን ክፍል ይክፈቱልን።"

"ምን ሊያደርግልዎ?"

"የደበቁትን ልናይ ነዋ! ደሃ በብርድ እየሞተ እርስዎ ሙቀት ያከማቻሉ አይደል?"

ፎቶውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ።

"ቬልጋ፣ ይቅርብሽ" አለኝ። ይሄን ሁሉ ዘመን ስንኖር በአንቺታ ጠርቶኝ አያውቅም።

"አይቀርብኝም!"

ከፈተው።

ልጄ፣ ብርዱ ፊቴን በጥፊ መታኝ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ድንች ነው። አራት ጆንያ ድንች፣ ጥቅል ጎመን፣ በጠርሙስ የታሸገ ኪያር። ጥግ ላይ የአውስማ የስፌት መኪና ብርድ ልብስ ለብሷል፣ በላዩ ላይ ጓንቶቿ ተቀምጠዋል። ማሞቂያውን ቆጠርኩት። ሰባት ጎድን ነው። ደግሜ ቆጠርኩት። እጄን ባስቀምጥበት ለብ እንኳ አላለም።

"ድንቹ ይወደዋል፣ አያበቅልም" አለ ዚግሙንድስ።

ሳኒታ ጉሮሮዋን ጠረገች። "ወይዘሮ ቬልጋ፣ ማሞቂያ የሚቀመጠው ከመስኮት ሥር ነው። ቀዩ ያለው ከእርስዎ መስኮት ሥር ነው። እዚህ ሕንፃ ውስጥ ደግሞ ውሃው መጀመሪያ በወፍራም ቧንቧ ጣሪያ ይደርስና ከዚያ ነው ቁልቁል የሚወርደው። ከእርስዎ የተረፈው ነው እሳቸው ጋ የሚደርሰው።"

ቢሩታ "ሌባ እናት ልጇን አታምንም" ብላ አጉረመረመች። ድሮ ብሆን ፀጉሯን እነጭላት ነበር።

ቅዳሜ

ሁለት ቀን መጻፍ አልቻልኩም።

ያን ዕለት ወደ ላይ ወጥቼ ክፍልሽ ገባሁ። የማሞቂያውን የእንጨት መከለያ ታውቂዋለሽ፣ አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቱሊፕ አበባ የቀረጸበትን። የሠራው አንቺ በሰባት ዓመትሽ ሳንባሽን ታመሽ ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ስንከርም ነው። ስንመለስ ክፍሉ ሙቅ ነበር፣ መከለያው ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር። አባትሽን፣ አርቪድስን፣ አንገቱን አቅፌ ስሜዋለሁ። ብሎኑን ፈታሁት። ከኋላው አሥራ አራት ጎድን ነው ያለው፣ ልጄ። ሰባቱ አሮጌ፣ ሰባቱ የተበየደ። ብየዳው የእሱ ነው፤ የአባትሽን እጅ የትም ባየው አውቀዋለሁ።

ወደ ታች ተመለስኩ። ዚግሙንድስ ኩሽና ውስጥ ወንበር ሰጠኝ።

"ያውቁ ነበር?" አልኩት።

"አርቪድስ ራሱ ነግሮኛል። 'ልጄ ልትሞትብኝ ነው፣ ሙቀታችሁን ልወስድባችሁ ነው' አለኝ። እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። አውስማ 'ተወው፣ እኔ ጓንት አለኝ' አለችው።"

"ልጅቷ ከዳነች በኋላስ?"

"ማን ደፍሮ አፍርሱት ይላል? ቢያገረሽባትስ?"

"ከሄደች በኋላስ?"

እጁን አሻሸ። "ከሄደች በኋላ እርስዎ እዚያ መተኛት ጀመሩ።"

አውስማ ስትሞት ጣቶቿ ተቆልምመው መርፌ መያዝ አቅቷቸው ነበር። የመጨረሻ የሰፋችው ትልቅ ነገር ያንቺ ቀሚስ ነው። እኛ ስንስቅ ሰምታን ይሆን?

ሳኒታ የተጨመረውን ጎድን አሁን ለመቁረጥ የመስመሩ ውሃ በሙሉ መፍሰስ አለበት፣ እስከ ኤፕሪል አይቻልም ትላለች። ሥራው ከጸደቀ ግን ቧንቧው ይቀየራል፣ ለየክፍሉ የራሱ መቆጣጠሪያ ይገባለታል፣ ግድግዳውም ይለብሳል፤ ማንም ከማንም ሙቀት አይወስድም። ዚግሙንድስን "እስከዚያ ይምጡና ከኔ ዘንድ ይሙቁ" ብለው አሻፈረኝ አለ። "የልጅቷ ክፍል ነው" ይላል። የምጽፍልሽም ከኩሽና ነው፤ ያንቺ ክፍል ውስጥ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።

ያንን መከለያ ሃያ ሁለት ዓመት በየሳምንቱ ወልውዬዋለሁ። ጥላዬን የምጠረጥር ሴት አንድ ቀን እንኳ ከኋላው ያላየሁት ለምን እንደሆነ ግን አትጠይቂኝ።

የሰኞውን ገጽ ልቀደው አስቤ ነበር፣ ተውኩት። እናትሽ ማን እንደሆነች እወቂ። አሁን የምልሽ አንድ ነገር ነው፤ ወረቀቱ ሲመጣ ፈርሚ። በዚያው ዕለት ፈርሚ። ከዚያ ለዚግሙንድስ ጻፊለት። ድሮ እንደምትጠሪው "አጎቴ ዚግሙንድስ" ብለሽ ጀምሪ። እኔ ደጁ ላይ ሦስት ጊዜ ቆሜ ይቅርታ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም፤ ካንቺ ሲሆን ይቀለዋል።

ፈጣሪ ሳንባሽንም ቤትሽንም ይጠብቅልኝ። ኤልዛን በኔ ስም ጉንጯን ሳሚልኝ።

እናትሽ ቬልጋ

ፕላስተር ያልኩሽን ተይው፣ አልለጠፍኩም። የጉልበቴ ሕመም ስለጠናብኝ ደብዳቤውን ፖስታ ቤት የሚያደርስልኝ ዚግሙንድስ ነው።